የባርኔጣ ሪባን ሲጨማደድ

በየቤታችን ካሉት ልብሶች ሁሉ እንደ አባቶች ባርኔጣ አያያዙ የተዘነጋ ያለ አይመስለኝም። ሸሚዙ ይታጠባል፣ ካፖርቱም ወደ ላውንደሪ ይላካል፤ ባርኔጣው ግን ከቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። ቀድሞ የሚጎዳውም ዙሪያውን የታጠቀው ሪባን ነው። እሱ ከተጨማደደ ባርኔጣው የቱንም ያህል ደኅና ቢሆን አሮጌ መስሎ ይታያል።

ወደ ለቡ በገባንበት ሰሞን ዕቃ ጫኞቹ የአባባን የባርኔጣ ካርቶን ከጤፍ ጆንያ ሥር አድርገውት ኖሯል። አባባ የምላቸው የባለቤቴን አባት ነው። ክፈፉ በእጅ ሲቃና ተመለሰ፤ በግራ በኩል ያለው የሪባኑ ቋጠሮ ግን ተጣጥፎ ቀረ። በዚያው ሳምንት እሑድ የጎረቤታችን ልጅ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ነበርና ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባባ ነበሩ። ባርኔጣውን አገላብጠው አዩና «ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ እንዲህ ሆኜ ልጃችሁን ስጡን ብዬ ከሰው ደጅ አልቆምም» አሉ።

«ለአንዲት ሪባን!» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን አልፈረድሁባቸውም። እንደምታውቁት ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር ቁጭ አይልም፤ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ሲቆም የሰው ሁሉ ዐይን የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ከዚህም በላይ እማማ ካረፉ ወዲህ አባባ ከቤት መውጣት ትተው ስለነበር ይህ ጉዞ እንዲቀርባቸው አልፈለግሁም። አስፈቅጄ ባርኔጣውን ተቀበልኋቸው።

በመጀመሪያ ሪባኑ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከቋጠሮው ሥር አንዲት ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሷት። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተች ሐር ናት፤ እንደ ወረቀት ከሸተተች ጥጥ ወይም ቪስኮስ ናት፤ ቀልጣ እንደ ዶቃ ከደረቀች ግን ፖሊስተር ስለሆነች ከትኩስ ካውያ ጋር አትስማማም። ቀጥሎም እርጥብ ነጭ ጨርቅ ሪባኑ ላይ ጫን አድርጋችሁ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን እዩ። የሚለቅ ከሆነ እንፋሎት አታስጠጉት።

አሁን ማንቆርቆሪያ ጣዱ። ጀበና አይሆንም፤ ቡናው ተንጠባጥቦ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ልጆችም ከአካባቢው ይራቁ። ውሃው ሲፈላ የተጨማደደውን ክፍል ብቻ ከእንፋሎቱ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ያዙት። ባርኔጣውን በሙሉ እንፋሎት ላይ መድፋት ግን አይገባም፤ ሱፉ ይላላል፣ በውስጥ ያለው የግንባር ቆዳም ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተራል። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ከውጭ አገር መጽሔት ያነበባችሁት የደቂቃ ልክ ቢያንሳችሁ አይግረማችሁ።

ሪባኑ ለስለስ ሲል ስስ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና በፈላ ውሃ ተነክሮ በደረቀ የሾርባ ማንኪያ ጀርባ ቀስ እያላችሁ ዳምጡት። የቋጠሮውን ሆድ ጥቅልል ወረቀት አጉርሱት። ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ክር በሙቀትና በእርጥበት ይላላል፣ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ደግሞ በያዘው ቅርጽ ይጸናል። ስለዚህ እስኪበርድ ድረስ በጣታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ብዙዎቻችን ቸኩለን እንለቀዋለን፣ ሪባኑም ተመልሶ ይጨማደዳል።

ሪባኑ በጥቂት ስፌት ብቻ የተያያዘ ከሆነ ፈትቶ መተኮስ ይቻላል። ካውያው ላይ አንድ ነጥብ ማለት እስከ 110 ዲግሪ ነውና ከዚያ ጀምሩ። መብራት ጠፍቶ የከሰል ካውያ ካወጣችሁ ግን መለኪያ ስለሌለው በአሮጌ ጨርቅ ሳትሞክሩ አታሳርፉት፤ አመዱንም ተጠንቀቁ።

አባባ እሑድ ጠዋት ባርኔጣውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት፤ ምንም ሳይሉ ደፍተውት ወጡ። የልጅቷ ቤተሰቦችም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ብለው ቀጠሮ ሰጥተዋቸዋል። እስከዚያው ባርኔጣው አናቱን ወደ ታች አድርጎ ሰፋ ባለ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፤ በክፈፉ ከተቀመጠ ክፈፉ ይጎብጣልና።

ሪባኑ ከነጭራሹ ያረጀ እንደሆነ ስፋቱን ለክታችሁ መርካቶ በሜትር መግዛት ይሻላል። የሴቶች ልጆቻችን የፀጉር ሪባን ግን ይህን ሁሉ አይፈልግም። ማታ በሳሙና አጥባችሁ እርጥቡን በመስተዋት ላይ ልጥፍ አድርጉት፤ ጠዋት ደርቆ ሲላቀቅ የተተኮሰ ይመስላል።