ለእኛ ልጅ ዘጠኝ ተኩል

ወደ ደሴ የተጓዛችሁ ሁሉ ደብረ ሲናን ታውቋታላችሁ። ታውቋታላችሁ ስንል በመስኮት ማለታችን ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ጉሙን ዳብሳችሁ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ስትወርዱ መኪናው ቆም ይላል፤ ቆሎ ሻጮች ይከቡታል። በብርጭቆ የተሰፈረ ቆሎ በመስኮት ተቀብላችሁ፣ እየቆረጠማችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ትወርዳላችሁ። በቃ፣ ደብረ ሲና ለእናንተ ይቺው ናት።

እኛ ግን እዚያ ነው ያደግነው። እኛ ማለት ሁለት ሴቶች ነን። ሁለታችንም በጋዜጠኝነት ተመርቀናል፤ ሁለታችንም "ታዲያ መቼ ነው በቴሌቪዥን የምናያችሁ?" የሚለው ጥያቄ አሰልችቶናል። ዛሬ ልናወራችሁ ያሰብነው ስለ አንድ ኃጢአታችን ነው። አይዟችሁ፣ ትልቅ አይደለም። ግማሽ ነጥብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተመረቅን ዓመት ለበዓል አገር ቤት ስንገባ የተማሪዎች የባህል ውዝዋዜ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። "ጋዜጠኞቹ መጥተዋል፤ እነሱ ይዳኙልን" ተባለ። ጋዜጠኛ ስለ ውዝዋዜ ምን ያውቃል ብሎ የጠየቀ የለም። እኛም አልጠየቅንም፤ የፊት ወንበር ማን ይጠላል? ከአንድ መምህር ጋር ሦስት ሆነን ተቀመጥን። የነጥብ መስጫ ወረቀት ታደለን። ሦስት ሳጥን አለው፦ አለባበስ ከ10፣ እንቅስቃሴ ከ10፣ ማራኪነት ከ10።

ይቺን "ማራኪነት" የምትለዋን ቃል ያዙልን።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ቡድን ከቆላ ነበር የመጣው። ልጆቹ በስስ ልብስ ሽቅብ ወጥተው የደብረ ሲና ብርድ ጠበቃቸው። ይባስ ብሎ ጉሙ የከበሮውን ቆዳ አርጥቦት ድምፁ ሞተ። ተራቸው እስኪደርስ ከሻይ ቤቱ ምድጃ ዳር ቁጭ ብለው ከበሮ ሲያሞቁ በዓይናችን አይተናል። ከዚያ ገቡ። ከፊት የቆመችው ልጅ ትከሻዋን ስትሰብቅ ከወገብ በታች ያለው ሰውነቷ ጭራሽ የማይነቃነቅ ይመስል ነበር። አዳራሹ ለአፍታ ማጨብጨብ ረሳ።

የእኛ ከተማ ልጆችም ተጫወቱ። ጎበዞች ናቸው። ደግሞ እናውቃቸዋለን፤ የአንዷን እናት እናውቃለን፣ የአንዱ ታላቅ ወንድም አብሮን ተምሯል። ሲገቡ አዳራሹ ተናጋ፤ እኛም ልባችን ተናጋ።

ነጥብ ተደመረ። ደብረ ሲና በግማሽ ነጥብ አሸነፈች!

ማታ ወረቀቶቹን ስናገላብጥ ነው ነገሩ የገባን። መምህሩ፣ የእኛኑ ከተማ ልጆች እያስተማረ፣ ለቆላዎቹ በአንድ ነጥብ ተኩል አብልጦ ሰጥቷል። እኛ ሁለታችን በአለባበስም በእንቅስቃሴም ሁለቱን ቡድኖች እኩል አድርገናቸዋል። በማራኪነት ግን፣ ሳንመካከር፣ ሳንተያይ፣ ሁለታችንም ለእኛዎቹ 9.5፣ ለእነሱ 8.5 ጽፈናል። የእኛ ሁለት ነጥብ የመምህሩን አንድ ተኩል በላችው። ማንም ጉቦ አልሰጠንም። ማንም ስልክ አልደወለልንም። እጃችን ራሱ ያውቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ባልከነከነን ነበር፣ ያቺ ልጅ ባትመጣ። ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ እኛ መጣች።

"እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ? ምን ጎደለን? ለሚቀጥለው እንድናስተካክል ነው።"

ልብ በሉ፣ አልተጣላችንም። ቅሬታም አላቀረበችም። እኛም ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ሰው ጉሮሯችንን ጠራርገን "በጣም ጎበዞች ናችሁ፤ ብቻ ትንሽ ማራኪነት ላይ..." አልናት።

"እሺ" አለች። ትንሽ አሰበችና፦ "ማራኪነት ምን ማድረግ ነው?"

ሹፌሩ ሳይመሽ ለመውረድ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። እግዜር ይስጠው! መልስ ከመስጠት አዳነን።

ከዚያ ወዲህ ነው ሁለታችንም በዳኝነት ጉዳይ የተለከፍነው። የሰው ኃጢአት እያነበቡ የራስን ማቅለል የታወቀ ነው፤ እኛም ከራሳችን የባሰ ዳኛ ፍለጋ ወጣን። አገኘንም፣ በረዶ ላይ። ፊገር ስኬቲንግን በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል፤ ጥንዶች በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበት፣ የሚሽከረከሩበት ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲው የክረምት ኦሊምፒክ የራሺያዎቹ ጥንዶች የሌና ቤሬዥናያ እና አንቶን ሲካሩሊድዜ፣ ከካናዳዎቹ ጄሚ ሳሌ እና ዴቪድ ፔሌቲዬ ጋር ተፋጠጡ። ሲካሩሊድዜ ከአንዱ ዝላይ ሲያርፍ ተንገዳገደ፤ ካናዳዎቹ ያለ ስህተት ጨረሱ። ዘጠኝ ዳኞች ነበሩ። አምስት ለአራት ወርቁ ለራሺያ ሆነ። በማግስቱ ጉድ ፈላ። ፈረንሳዊቷ ዳኛ ማሪ ሬን ለ ጉኝ ከአገሯ ፌዴሬሽን ጫና ተደርጎብኛል አለች፤ በኋላ ደግሞ ቃሏን አጠፈች። እሷና የፌዴሬሽኗ ፕሬዚዳንት ለሦስት ዓመት ታገዱ። ለካናዳዎቹም ሁለተኛ ወርቅ ተሰጣቸው፤ ራሺያዎቹም የራሳቸውን ይዘው ቀሩ።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ቀላል ነበር። ዳኛው ከ6 ነጥብ ለቴክኒክ አንድ፣ ለአቀራረብ አንድ ይሰጣል። ምን አጠፋሁ ብሎ ለሚጠይቅ ወረቀቱ መልስ የለውም። ከቅሌቱ በኋላ በ2004 አዲስ አሠራር ጸደቀ፤ እያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት አስቀድሞ የታወቀ ዋጋ ተቆረጠለት። ዳኛው የሚጨምረውና የሚቀንሰው ለአፈጻጸሙ ነው፤ መጀመሪያ እስከ 3፣ ከ2018 ወዲህ ደግሞ እስከ 5 ደረጃ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች። የሁሉም ዳኛ ነጥብ ሲሰበሰብ ትልቁና ትንሹ ይጣላል።

ይህን ስናነብ የደብረ ሲና ቆሎ ነው ትዝ ያለን። ብርጭቆው ለሁሉም አንድ ነው፤ ማንም ያየዋል። ከብርጭቆው በላይ ሻጯ ቆንጠር አድርጋ የምትጨምረው ግን ምርቃት ነው። ምርቃቱ የእሷ ነው። ስኬቲንግም ብርጭቆ ገዛ እንጂ ምርቃቱን አላስቀረም። አድልዎም የሚደበቀው ምርቃቱ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የገረመን ደግሞ ሌላ ነው። ከቅሌቱ ማግስት ዳኞቹን ከጫና ለማዳን ተብሎ የትኛው ዳኛ ስንት እንደሰጠ እንዳይታወቅ ተደረገ። ስሙ የተደበቀ ዳኛ አይፈራም ተባለ። እውነት ነው፣ አይፈራም፤ ግን አያፍርምም! ይህ አሠራር የተሻረው በ2016 ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ ጣጣ የለብንም ብለን እንኮራ ነበር። ስፖርታችን ሩጫ፣ ዳኛችን ሰዓት። በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ነው። ለኃይሌ "ማራኪነት" ብሎ ነጥብ የጨመረለት የለም።

ግን ወደ መስመሩ ማን ይምጣ የሚለውን ሰዓት አይወስንም። ያን የሚወስነው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ምርቃት አለው። በ2016 ቀነኒሳ በቀለ በለንደን ማራቶን ሦስተኛ ወጥቶ ለሪዮ ኦሊምፒክ ከሚሮጡት ሦስቱ ውጭ ሆነ። ቅሬታውን በአደባባይ ተናገረ፤ አገር ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ከዚያስ? ከተመረጡት አንዱ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ብር አመጣ። "ይኸው መራጮቹ ልክ ነበሩ!" ተባለ። በወሩ ቀነኒሳ በርሊን ላይ በ2:03:03 የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን ሰበረ። "ይኸው መራጮቹ ተሳስተው ነበር!" ተባለ። በ2024 ደግሞ ለፓሪስ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ፣ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ በእሱ ቦታ ገብቶ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይዞ ወርቅ አጠለቀ። ተጠባባቂው!

ታዲያ መራጮቹ ልክ ነበሩ ወይስ ተሳስተው? እኛ ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ይመስለናል። ውጤት ፍርድን አያጸድቅም፤ አይኮንንምም። ብር ቢመጣም የቀረው ሰው "ለምን ቀረሁ?" ሲል መልስ ይገባዋል። አባቶቻችን "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች" ያሉት ለዚህ አይደል? በቅሎ ሙሉ ንብረት ናት። ጭብጦ የአንድ ቀን ስንቅ። ሰው ግን በቅሎውን አጥቶ ያድራል፤ ምክንያቱ ከተነገረው።

ያቺም ልጅ የጠየቀችን ዋንጫውን መልሱልኝ ብላ አልነበረም። ምክንያቱን ንገሩኝ ነው ያለችን።

ባለፈው ወደ አገር ቤት ስንወርድ ከምናውቃቸው ቆሎ ሻጭ ዘንድ ቆምን።

"እትዬ፣ ምርቃት የሚያበዙት ለማን ነው?" አልናቸው።

"ለማውቀው ነዋ!" ብለው ሳቁ። "ለእናንተ እንዴት አላበዛ? ልጆቼ አይደላችሁ?" ብለው ጨመሩልን። ወዲያው ከአጠገባችን የቆመውን መንገደኛ አዩትና አፈር አሉ፤ ለእሱም ጨመሩለት።

እኛ በዚያ አዳራሽ ያላደረግነው ይህችን ነው። አጠገባችን የቆመውን ቀና ብሎ ማየት።

ከዚያ በኋላ ለአዘጋጆቹ ነግረን ነበር። "ያለቀ ነገር ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ?" ተባልን። በዓመቱ ዳኝነት ስንጠራ ግን ሁለት ነገር ጠየቅን፦ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ማንም ለገዛ ከተማው ልጆች ነጥብ አይስጥ። ሁለተኛውን እሺ አሉን። የመጀመሪያው "ጊዜ ይፈጃል" ተባለ። እውነትም ይፈጃል።

ለልጅቷ መልእክት ልንልክ ብንሞክር ትምህርቷን ጨርሳ ከዚያ ሄዳለች ተባልን። የት እንዳለች አናውቅም። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ድንገት ካነበብሽው፦ ማራኪነት ምን ማድረግ ነው ብለሽን ነበር። ምንም ማድረግ አልነበረብሽም። የጎደለው እኛ ጋ ነበር፤ ግማሿ ነጥብ ያንቺ ናት።