ከሶላይ ሸለቆ እስከ ሠፈራችን ኩሬ

ለአጭር ትምህርት ወደ ናይሮቢ ተልከን በነበረበት ወቅት፣ ከዕረፍት ቀናት በአንዱ ከጥቂት ባልደረቦቻችን ጋር ወደ ናኩሩ የመጓዝ ዕድል አጋጥሞን ነበር። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሊሙሩን ደጋ እንዳለፉ ምድሩ ከእግር ሥር ድንገት ይከዳና ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ወለል ብሎ ይታያል። የሎንጎኖት ተራራ፣ የናይቫሻ ሐይቅ፣ ከዚያም ጊልጊልና ኤሌሜንታይታ በየተራ ይመጣሉ። ግራሩን፣ አቧራውንና ከሩቅ የሚያብለጨልጨውን ውሃ ያየ አንድ ባልደረባችን፣ «ይህማ ላንጋኖ ነው!» ሲል ሁላችንም ሳቅን። አባባሉ ግን ከእውነት የራቀ አልነበረም። ሸለቆው አንድ ነው፤ ከአፋር ተነሥቶ በባቱና በአርባ ምንጭ አልፎ ወደ ኬንያ የሚዘልቅ የአንድ ምድር ስንጥቅ ነው።

ከናኩሩ ወደ ሰሜን ታጥፈን ሶላይ ከተባለው ሥፍራ ደረስን። ቡናና አበባ የሚበቅልበት ለም አገር ነው። በየእርሻው ከፍታ ላይ ባለንብረቶቹ የክረምቱን ውሃ ለበጋ መስኖ የሚያጠራቅሙባቸው የአፈር ግድቦች አሉ። ከሩቅ ለተመለከታቸው፣ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ የተቀመጡ መስተዋቶች ይመስላሉ። እንዲህ ባለው ኩሬ ዳር በዕረፍት ቀን መቀመጥ፣ መንጠቆ መጣል፣ በትንሽ ጀልባ መንሸራሸር ማንንም የሚያጓጓ ደስታ ነው።

ይሁንና ሶላይ የምትታወቀው በውበቷ ብቻ አይደለም። ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ ረቡዕ ምሽት፣ ከእነዚሁ የግል ግድቦች አንዱ ተደረመሰ። ውሃው ከታች ባሉት መንደሮች ላይ ጭቃውንና ድንጋዩን ይዞ ወረደ። ቢያንስ 48 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ግድቡ የሚገባው ፈቃድ እንዳልነበረው ገለጡ። ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት አመራ፤ ተከሳሾቹ ግን ክሱን ክደዋል። እኛ ስለ ፍርዱ ለመናገር አልተነሣንም። ልባችንን የነካው ቀኑ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 9 ቀን 2018 ነበር። በእኛ ሲቆጠር ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሆኖ አገኘነው፤ ይኸውም ልደታ ነው።

ልደታ በአገራችን ከቤት ውጭ የሚከበር በዓል መሆኑን ለአንባብያን መንገር አያሻም። ንፍሮው በደጅ ይቀቀላል፣ ቡናው በደጅ ይፈላል፣ ጎረቤት ከጎረቤት በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። ከዚያ ጉዞ ቀደም ብሎ በነበረው ልደታ፣ የሠፈራችን ቤተሰቦች በዓሉን ያከበሩት ከጦር ሠፈሩ ብዙ በማይርቅ የአንድ ገበሬ ኩሬ ዘንድ ነበር። ምንጣፉ የተነጠፈው ከግድቡ ሥር ነበር፤ ምክንያቱም ያገሩ ሣር ሁሉ በበጋው ደርቆ ሳለ በዚያ ሥፍራ ብቻ ለምልሞ ነበርና። ሕፃናቱ እርጥቡን መሬት በባዶ እግራቸው እየረገጡ ይቦርቁ ነበር። ቦታውን የመረጥነውም እኛው ነበርን። ሶላይ ላይ ቆመን ይህ ትዝ ባለን ጊዜ፣ ያ ልምላሜ ከየት እንደመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳችንን ጠየቅን። መልሱም ግልጽ ነበር፤ ሣሩን የሚያጠጣው በግድቡ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ነው።

ወደ አገራችን እንደተመለስን ገበሬውን ለማነጋገር ሄድን። በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ፣ እንግዳ አክባሪ ሰው ናቸው። በግድቡ አናት ላይ አብረን ተመላለስን። በግድቡ ትከሻ ላይ የበቀሉ ዛፎችና የጃርት ጉድጓድ አየን። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ደግሞ በወንፊት ሽቦ ታጥሮ፣ ሽቦው ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ነበር።

«አባባ፣ ይህ ሽቦ ለምን ተደረገ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ዓሣው እንዳያመልጥብኝ ነዋ፣ ልጄ» አሉ። «ደግሞ አትስጋ፤ ይህ ኩሬ 12 ክረምት አሳልፏል።»

እኛም የጆንስታውንን ታሪክ አጫወትናቸው። በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫንያ፣ የባለጸጎች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ ለመዝናኛ የያዘው 22 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ነበር። የውሃ ማውረጃ ቧንቧዎቹ ከክበቡ በፊት በነበረው ባለቤት ዘመን ተነቅለው ተሽጠው ነበር። ክበቡም ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረገ፤ ዓሣው እንዳይወጣም ማስተንፈሻውን በወንፊት አጠረ። በታችኛው አገር ያለው ሕዝብ «ግድቡ ሊፈርስ ነው» የሚለውን ወሬ በየዓመቱ እየሰማ ለምዶት ነበር። በ1889 እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን ከከባድ ዝናብ በኋላ ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተደፈነ፤ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ፈሰሰ፤ ግድቡም ተናደ። ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው በጆንስታውን ከተማና በመንገዱ ላይ ባሉት መንደሮች 2,209 ሰዎች አለቁ።

ገበሬው ዝም ብለው አዳመጡ። «ያ ትልቅ ነው፤ የእኔ ግን ኩሬ ናት» አሉ በመጨረሻ። እኛም ስሌቱን በመሬት ላይ በጭራሮ ጻፍንላቸው። 100 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሜትር ስፋትና በአማካይ 2 ሜትር ጥልቀት ያላት ኩሬ 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ትይዛለች። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። እንግዲህ ከዚያ የአፈር ክምር በስተጀርባ የተደገፈው፣ 10 ቶን የሚጭን የጭነት መኪና 1,000 ጊዜ የሚመላለስበት ክብደት ነው። 12 ክረምት ማለፉም ለ13ኛው ዋስትና ሊሆን አይችልም።

የአፈር ግድብ ጠላቶች ጥቂቶችና የታወቁ ናቸው። አንደኛው በአናቱ ላይ የሚፈስ ውሃ ነው፤ አፈሩን ከላይ ወደ ታች እየሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ይበጥሰዋል። ማስተንፈሻው ዘወትር ክፍት መሆን የሚገባው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው በውስጡ የሚሰርግ ውሃ ነው። ከአፈር ግድብ ሥር ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ መውጣቱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ነገር ግን ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከቀን ወደ ቀን ከበዛ፣ የግድቡን አፈር ከውስጥ እየቦረቦረ ነውና አደጋው ቀርቧል ማለት ነው። የዛፍ ሥርና የፍልፈል ወይም የጃርት ጉድጓድ ለዚህ ዓይነቱ ውሃ መንገድ ይከፍታሉ። በግድቡ ላይ የሚታይ ስንጥቅና መንሸራተትም ችላ የሚባል ምልክት አይደለም። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ከታች ያሉትን ሰዎች ማስነሣት፣ ለባለቤቱና ለወረዳው ወዲያውኑ ማስታወቅ ይገባዋል።

በማግሥቱ ገበሬው ሽቦውን ነቀሉት። ከክፍላችን የተውጣጡ በጎ ፈቃደኞችም ማስተንፈሻውን ጠረጉ። ዛፎቹን ግን አልነቀልንም፤ ትልቅ ሥር በዘፈቀደ ሲነቀል በግድቡ ውስጥ ባዶ መንገድ ሊተው ይችላል። ስለ ዛፎቹ፣ ስለ ጉድጓዱና ከሥሩ ስለሚሰርገው ውሃ ባለሙያ መጥቶ እንዲመክር ገበሬው ለወረዳው አመለከቱ።

ውድ እኅቶቻችን፣ ይህ ሁሉ የወንዶች ወይም የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዕረፍት ቀን ልጆችን ወደ ኩሬ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ አለመግባት የመጀመሪያው ነው፤ የውሃውን ጥልቀትና አደገኛውን ሥፍራ የሚያውቀው እርሱ ነውና። የሰው ሠራሽ ኩሬ ዳርቻ ብዙውን ጊዜ ቁልቁል ነው፤ ጭቃውም ያንሸራትታል፤ ሁለት እርምጃ ገብቶ ጉልበት ድረስ የነበረ ውሃ በሦስተኛው ከራስ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕፃን ልጅ እጅ ከሚደርስበት ርቀት መለየት የለበትም። በውሃ ማውጫ ቱቦና በማስተንፈሻ አጠገብ ፈጽሞ አይዋኝም። መጠጥ የቀመሰ ሰው ዋና አይገባም። የረጋ ውሃ ቢልሃርዚያ ሊኖረው እንደሚችልም አንዘንጋ።

ሰው ሲሰምጥ በድንጋጤ ዘሎ መግባት አንዱን ሐዘን ሁለት ያደርጋል። ይልቁንም ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን በረጅም ገመድ ታስሮ በአጠገብ ይቀመጥ፤ ለሚሰምጠው ይወርወርለት፤ ከዳር ተሁኖም ይጎተት። ይህ ከየቤታችን የማይጠፋ ዕቃ ነው።

ያለፈውንም ልደታ ያከበርነው በዚያችው ኩሬ ዘንድ ነው። ምንጣፉ ግን በዚህ ጊዜ የተነጠፈው ከግድቡ ሥር ሳይሆን በጎን ካለው ጉብታ ላይ ነበር። ሣሩ የደረቀ ነው፤ ድንጋዩም ያስቸግራል። ከእናቶቻችን አንዷ ወደ ታችኛው ለምለም ሣር እየተመለከቱ፣ «እንዲያ ያለ ቦታ ትታችሁ ምነው እዚህ አስቀመጣችሁን?» ሲሉ አጉረመረሙ። ገበሬው ከእኛ ቀድመው መለሱላቸው፦ «እመቤት፣ ያ ሣር የሚያምረው ውሃው ከበላዩ ስለተቀመጠ ነው። እኛ ግን ከውሃው በላይ ብንቀመጥ ይሻለናል።»

ንፍሮው ቀረበ፤ ቡናውም ፈላ። ጀሪካኑ ከነገመዱ በኩሬው ዳር ተቀምጦ ዋለ፤ አመሻሹ ላይም ማንም ሳይፈልገው ወደ ቤት ተመለሰ።