ፉሪ ላይ ቆቅ አለ ወይ?

ባለፈው ሚያዝያ ከወደ ቨርጂኒያ አንድ ፎቶግራፍ በስልኬ ደረሰኝ። አብሮ አደጌ ቅጠል የተሳለበት ልብስ ለብሶ፣ ጠመንጃውን በክንዱ አቅፎ፣ በሌላ እጁ አንድ ግዙፍ ጥቁር ወፍ በእግሩ አንጠልጥሎ ይስቃል። «ይህ ምን ዓይነት አሞራ ነው?» ብዬ ብጽፍለት ወዲያው ደወለ።

አሞራ አይደለም፤ የዱር ተርኪ ነው። (በነገራችን ላይ ሊኔየስ የተባለው ሊቅ በ1758 እ.ኤ.አ. ለዚህ የአሜሪካ ወፍ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ሜሌአግሪስ» አለው። ቃሉ በጥንቱ ግሪክ የጅግራ ስም ነው። በእኛዋ ጅግራ ስም የሚጠራ ወፍ ባሕር ማዶ አለን ማለት ነው።) አደኑ እንዲህ ነው አለኝ። ሳይነጋ ጫካ ገብተህ፣ ዛፍ ተደግፈህ ትቀመጣለህ። ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ሣጥን አለች፤ ክዳኗን ስትፍቃት የሴቷን ድምፅ ታወጣለች። አውራው ከሩቅ ይመልሳል፤ እየመለሰም ይመጣል። በዚህ ወቅት መግደል የሚፈቀደው ደረቱ ላይ እንደ ፈረስ ጭራ ያለ ጺም ያንጠለጠለውን ብቻ ነው።

«ፉሪ ላይ ያደረግነው እኮ ነው!» አለኝ።

ሆዴ ተረበሸ። እሱ ያስታወሰው አደኑን ነው፤ እኔ ያስታወስሁት ሌላ ነገር ነው።

ጊዜው 1992 ዓ.ም. ነው። ሁለታችንም የ12 ዓመት ልጆች ነበርን። ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ ገና አልተፈጠረም፤ ጀሞም ኮንዶሚኒየም ሳይሆን የጤፍና የገብስ ማሳ ነበረ። የእሱ ቤተሰቦች ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ፉሪ ተራራ ወጣን።

ዕቃችን ከፈረስ ጭራ የተገመደ ወጥመድ፣ አንድ ዱላና የእናቱ ቢላዋ ነው። ቢላዋው የተሰጠው ለእኔ ነበር። ቆቁ ሲያዝ ሮጬ ደርሼ፣ ነፍሱ ሳይወጣ በስመ አብ ብዬ ላርደው። አለዚያ በክት ነው፤ በክት ደግሞ ክርስቲያን ቤት አይቀመስም።

ጓደኛዬ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ በጉሮሮው ጮኸ። አያቱ ናቸው ያስተማሩት። ከገብሱ ማዶ አንድ አውራ ቆቅ መለሰለት። እንደገና ጮኸ፤ አሁን ቀረብ ብሎ መለሰ። ነቃ ያለ ሰው ስናይ «ቆቅ ነው» እንላለን አይደል? ያ ንቁ ፍጥረት ሌላ አውራ መሬቴን ሊቀማኝ መጣ ብሎ ሲቆጣ ግን ጥንቃቄው ሁሉ ይጠፋበታል። አንገቱን አስግጎ እየሮጠ መጣ። እግሩን እንዲይዝ የተዘረጋው ወጥመድ አንገቱን ያዘው።

«ድረስ!» አለኝ ጓደኛዬ።

አልደረስሁም። ከአምስት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቢላዋውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ክንፉ ይማታል፤ ዓይኑ ግን እኔን ያያል። ስንት ጊዜ እንደቆምሁ አላውቅም። ጓደኛዬ ዘሎ ሲደርስ ክንፉ ጸጥ ብሏል። ቢላዋውን ከእጄ ነጥቆ አንገቱን ቢቆርጠውም የወጣው ደም ጠብታ ያህል ነው።

እናቱ ደጃፍ ላይ ተቀበሉን። «ነፍሱ ሳይወጣ ደረሳችሁለት?» አሉ። ጓደኛዬ መሬት መሬቱን ያያል።

«አዎ እትዬ፤ እኔ ነኝ ባርኬ ያረድሁት» አልሁ።

ወፉን ተቀበሉኝ። አንገቱን ገልበጥ አድርገው አዩና ምንም ሳይናገሩ ወደ ጓዳ ገቡ። ምሳ ሲቀርብ ሽሮ ነው። «ምን ይደረግ ልጆቼ፣ ዘወር ከማለቴ ድመት በላችው» አሉን። እኔ ያችን ድመት በልቤ መረቅኋት። እግዚአብሔር የላካት መስሎኝ ከ25 ዓመት በላይ ኖርሁ።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ በስልክ ተናዘዝሁለት። ነገሩን አንሥተነው አናውቅም ነበር። ጥቂት ዝም አለና ሳቅ አፈነው።

«አንተ፣ እኛ ቤት ድመት መቼ ነበረና?»

እናቱ ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ይቅርታ የምጠይቃቸው ቀርቶ የማመሰግናቸው እንኳ የለም።

«ያንን ተርኪ ትበላዋለህ?» አልሁት ወሬ ለመለወጥ። ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። ጥይቱ የሚመታው ጭንቅላቱን ነው፤ ሮጦ ሲደርስ ነፍሱ ወጥታለች። ታዲያ ለምን ታድናለህ ብለው «ሲመልስልኝ ለመስማት» አለኝ።

የዱር ተርኪ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጠፍቶ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት እንዲውል ሕግ ወጣ፤ ከተረፉትም እየያዙ ወደ ጠፉባቸው ቦታዎች ወሰዷቸው። ዛሬ ከአላስካ በቀር በሁሉም ግዛት አለ። እኛም ሕግ አለን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፤ እኔና ጓደኛዬ ዛሬ ቢሆን ተከሳሾች ነን። ነገር ግን የጀሞን ገብስ የበላው አዳኝ አይደለም፤ ቤት ነው። ቤት አያስፈልግም ልል አልችልም፤ እኔ ራሴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው።

«አሁን ፉሪ ላይ ቆቅ አለ ወይ?» አለኝ ጓደኛዬ ሊዘጋ ሲል። የምመልሰው አጣሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ ጅምር ፎቅ አጠገብ ቆምሁ። ግራ ቀኝ አይቼ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ በጉሮሮዬ ጮኽሁ። ሳል ነው የሚመስለው። እንደገና ሞከርሁ። ጋቢ የተከናነበ ዘበኛ ከፎቁ ሥር ብቅ አለ።

«ምነው ወንድሜ፣ አመመህ እንዴ? ውሃ ላምጣልህ?»

«ቆቅ እየጠራሁ ነው» አልሁ አፍሬ።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እንዲህማ አይጠራም» አለና፣ ጋቢውን ከአፉ ላይ ገለጥ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ጮኸ።

ስልኬን አውጥቼ ድምፅ መቅጃውን ከፈትሁ።