ጳጉሜ 6ን የሚጠይቅ ቴስት

የአፕ ስክሪን ከትንንሽ ክፍሎች ይገጣጠማል፤ አዝራር፣ የጽሑፍ ማስገቢያ፣ የቀን መምረጫ፣ ዝርዝር። ፕሮግራመሮች ኮምፖነንት ይሏቸዋል፣ በጎግል የአፕ መሥሪያ በፍላተር ደግሞ ዊጀት ይባላሉ። የዊጀት ቴስት አንዱን ክፍል ከቀረው አፕ ነጥሎ፣ ያለ ስልክና ያለ ኢሙሌተር በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ የሚያስነሳ አጭር ፕሮግራም ነው። ክፍሉን ሰው እንደሚነካው በኮድ ይነካና ተገቢውን ምላሽ መስጠቱን ያረጋግጣል።

ከስሩ የአንድን ፈንክሽን ስሌት ብቻ የሚያይ ዩኒት ቴስት አለ፤ ከላዩ ሙሉውን አፕ በስልክ ላይ የሚያስኬድ ኢንተግሬሽን ቴስት። ማይክ ኮን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በፒራሚድ መልክ አስቀምጦታል፦ ከታች ብዙ፣ ከላይ ጥቂት። ፒራሚዱ የተሳለው ግን ስክሪን የሚነካ ቴስት ሁሉ ቀርፋፋና ቶሎ የሚሰበር በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ የዊጀት ቴስት በፍጥነት ስለሚያልቅ መካከለኛው እርከን ከሥዕሉ ሰፋ ቢል አያስወቅስም።

ዋናው ጥያቄ ቴስቱ ምን ይጠይቅ የሚለው ነው። በድረ ገጽ ሥራ ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ኤንዛይም የተባለ የቴስት መሣሪያ፣ ሪአክት በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተጻፈን ኮምፖነንት ውስጥ ከፍቶ የተደበቁ እሴቶቹን ለማየት ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ኬንት ሲ. ዶድስ ያወጣው ሪአክት ቴስቲንግ ላይብረሪ ይህን በር ሆን ብሎ ዘጋ፤ ቴስቱ ተጠቃሚው የሚያየውን ጽሑፍና የሚነካውን አዝራር ብቻ ይፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ይሻላል። ውስጥን የሚያይ ቴስት የኮዱ አሠራር ሲታደስ፣ ለተጠቃሚው ምንም ሳይለወጥ ይወድቃል፤ አዝራሩ በትክክል ሳይያያዝ ቀርቶም ያልፋል።

በሐበሻ ዘመን አቆጣጠር የሚሠራ የቀን መምረጫ ጥሩ ማሳያ ነው። ከፍላተር ጋር የሚመጣው መምረጫ በነባሪው ጎርጎርዮሳዊ ስለሆነ፣ ጳጉሜን የሚፈልግ ቡድን ብዙውን ጊዜ ዊጀቱን ራሱ ይሠራል፤ ራሱም መፈተሽ አለበት። ጳጉሜ 2015 ስድስት ቀን ነበራት፣ ጳጉሜ 2016 አምስት። ስለዚህ ቴስቱ መምረጫውን በጳጉሜ 2015 ይከፍትና 6 ቁጥር መታየቷን ያረጋግጣል፤ በ2016 ከፍቶ አለመታየቷን፤ ከዚያም የ«ቀጣይ» አዝራርን ነክቶ መስከረም 2017 መምጣቱን። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ይከብዳል። ነሐሴ 30 ተመርጦ እያለ ተጠቃሚው ወደ ጳጉሜ ቢያልፍ የተመረጠው ቀን የትኛው ይሆናል? መልሱ በሥራ ትእዛዙ ላይ እምብዛም አይጻፍም። ቴስት የሚጽፈው ሰው ግን የሚጠበቀውን ውጤት ሳያስቀምጥ መቀጠል ስለማይችል ቡድኑ እዚያው ለመወሰን ይገደዳል።

የወር ስምን በጽሑፍ መፈለግ የራሱ ጣጣ አለው። የፍላተር የጽሑፍ ፍለጋ ፊደል በፊደል ስለሚያዛምድ «ኅዳር» ብሎ የሚፈልግ ቴስት ስክሪኑ ላይ «ህዳር» ከተጻፈ ይወድቃል፤ ዩኒኮድ ሁለቱን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። መፍትሔው ቃሉን ቴስቱ ውስጥ ደግሞ ከመጻፍ አፑ ራሱ ከሚጠቀምበት የትርጉም ፋይል ማንበብ ነው።

ጊዜም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዊጀት ቴስት ውስጥ አኒሜሽንና ታይመር በራሳቸው አይራመዱም፤ ፓምፕ በተባለው ትእዛዝ ይገፋሉ። አኒሜሽን እስኪያልቅ የሚጠብቅ ትእዛዝም አለ፤ ማለቂያ የሌለው የመጫኛ ክብ ስክሪኑ ላይ እየዞረ ከሆነ ግን ቴስቱ የጊዜ ገደቡ አልፎ ይወድቃል። የዛሬን ቀን የሚመልሰው፣ ፍላተር የሚጻፍበት የዳርት ቋንቋ ጥሪ ደግሞ ከዚህ ቁጥጥር ውጭ ነው፤ የኮምፒውተሩን ትክክለኛ ሰዓት ያነባል። መምረጫው «ዛሬ»ን ከውጭ ካልተቀበለ ዓመቱን ሙሉ ያለፈ ቴስት በጳጉሜ ሊወድቅ ይችላል።

የቴስቱ ዓለም ከስልክ ዓለም በሌላም ይለያል። ነባሪው ስክሪን 800 በ600 ነው፣ ከተለመደው የቆመ ስልክ እጅግ ይሰፋል፤ በጠባብ ስልክ ከጠርዝ የሚያፈስ ረድፍ እዚያ አይታይም። የኔትወርክ ጥያቄዎች ሁሉ 400 የስሕተት ኮድ ይመለስላቸዋል። ፎንቱም የውሸት ነው፤ ቀድሞ አሄም ነበር፣ ኋላ ፍላተርቴስት የተባለው ተተካ፣ እያንዳንዱን ፊደል በእኩል ሳጥን ይስላል። ስለዚህ ስክሪኑን ከተቀመጠ ምስል ጋር የሚያነጻጽረው ጎልደን ቴስት እውነተኛ የኢትዮጵያ ፎንት ካልተጫነለት ስለ ፊደላቱ አንዳች አይናገርም፤ የሚያነጻጽረው ሳጥን ከሳጥን ነው። ፎንቱ ሲጫን ደግሞ በማክ የተቀመጠው ምስል ከሊኑክስ ጋር በጥቂት ፒክስል ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ምስሉ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ላይ ብቻ ቢሠራ ይመረጣል።

የሚከብደው የጽሑፍ ማስገቢያው ነው። ቴስቱ ጽሑፍ ሲያስገባ የተዘጋጀውን ቃል በቀጥታ ለሳጥኑ ይሰጣል እንጂ ኪቦርድ አይጫንም። የአማርኛ ኪቦርዶች ብዙዎቹ ግን ፊደሉን በደረጃ ነው የሚሠሩት፤ መጀመሪያ «ስ» ትወጣለች፣ አናባቢው ሲጨመር ወደ «ሰ» ወይም «ሱ» ትለወጣለች። በእያንዳንዱ ለውጥ ፍለጋ የሚጀምር ወይም የፊደል ብዛት የሚገድብ ሳጥን በዚህ መሃል ሊሳሳት ይችላል፤ የዊጀት ቴስቱ ግን ያልፋል። የፍላተር ኢንተግሬሽን ቴስትም ለማስገባት ያንኑ ትእዛዝ ስለሚጠቀም፣ ይህ ክፍል አሁንም ስልክ ይዞ የሚተይብ ሰው ይፈልጋል።