ስልኩ አለፈ፣ ፋይሉ ቀረ



ባለፈው ክረምት እኛ ሦስት የኤሌክትሪካል ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ፍኖተ ሰላም ነበርን። የተሰጠን ሥራ ከቡሬ የሚመጣውን ዲጂታል የስልክ መስመር ለዳታም ማዘጋጀት ነበር። መስመሩ አገራችን የምትጠቀምበት ኢ1 ነው፤ በሰከንድ 2.048 ሜጋቢት፣ እያንዳንዳቸው 64 ኪሎቢት የሚይዙ 32 ክፍሎች አሉት። መሣሪያው የመስመር ኮድ ምረጡ አለን፦ ኤኤምአይ ወይስ ኤችዲቢ3? ኤኤምአይን መረጥን። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የተማርነው እሱን ስለነበር ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረንም። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ምን ችግር አለው አልን።

ደወልን፤ ቡሬ ጥርት ብሎ ተሰማ። የበርበሬ ዋጋ ሳይቀር ጠየቅን። «ተሞክሮ ሠርቷል» ብለንም ፈረምን።

በማግስቱ ከቡሬ የተላከ አንድ ፋይል መሃል ላይ ተቋረጠ። ሌሎቹ ያልፋሉ፤ እሱ ግን ሦስት ጊዜ ተልኮ ሦስቴም እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ገመዱን ወቀስን፣ ዝናቡን ወቀስን (የጎጃም ክረምት ለወቀሳ ይመቻል)። ዙህር ሰግደን ስንመለስ ነው ፋይሉን ራሱን ለማየት ያሰብነው። መሃሉ ላይ ረጅም የዜሮ ሰልፍ ነበር።

በኤኤምአይ 1 ሲሆን ምት ይላካል፣ አንዴ ፖዘቲቭ አንዴ ኔጋቲቭ፤ 0 ሲሆን ዝም ነው። ተቀባዩ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ከምቶቹ ስለሆነ ዝምታው ሲረዝም ስንት ዜሮ እንዳለፈ ይጠፋዋል። ኤችዲቢ3 ግን አራት ዜሮ ሲከታተሉ ሆን ብሎ ተራውን የጣሰ ምት ያስገባል፤ ተቀባዩም ጥሰቱን አይቶ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል።

ታዲያ ድምፁ እንዴት አለፈ? በኢ1 ድምፅ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ከየሁለቱ ቢት አንዱ ይገለበጣል። ሰው ዝም ሲል እንኳ መስመሩ ላይ ብዙ 1 አለ። በስልክ መሞከራችን የኤኤምአይን ድክመት ጨርሶ አልነካውም ማለት ነው። አሜሪካኖችም በቲ1 መስመራቸው ላይ ዜሮ እንዳይበዛ ከየ8ቱ ቢት አንዱን ይሠዉ ስለነበር፣ ከ64 ኪሎቢት ለዳታ 56 ብቻ ይቀራቸው ነበር፤ በኋላ ቢ8ዜድኤስ የተባለው ኮድ ሙሉውን መለሰላቸው።

ኮዱን በሁለቱም ጫፍ መቀየር ደቂቃዎች ነው የፈጀው። የከበደን የፈረምንበት ወረቀት ነበር። «ጋሼ፣ የሞከርነው ድምፅ ብቻ ነው» አልነው አለቃችንን። ምንም ሳይል አዲስ ቅጽ አቀበለን። በዚህኛው ሁሉም ዜሮ የሆነ መሞከሪያ ለ15 ደቂቃ ልከን፣ ስህተት 0 ብለን ጻፍን።