ጅቡቲን በእግር

ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከድሬዳዋ የተሳፈርኩበት ባቡር ነጋድ ጣቢያ አወረደን። መንገደኛው ሁሉ ሻንጣና ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሟል፤ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው አላየሁም። ለሽርሽር የሚመጣው ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ወዳለው የአሳል ሐይቅ፣ አለዚያም ዌል ሻርክ ፍለጋ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያልፋል። ከተማዋ ለእሱ ማደሪያ ብቻ ናት።

መንገድ ዳር ተቀምጣ የምትመነዝረው ሴት ተመን የጻፈችበት ሰሌዳ የላትም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177 ከምናምን ነው፤ ወዲያም ወዲህም አላለም። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በየማለዳው የባንኮችን ተመን የሚከታተል አዲስ አበቤ በዚህ ቢቀና አይፈረድበትም።

ጥር 16

ዓርብ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። ሰው አሁንም ምኒልክ አደባባይ በሚለው ቦታ ዞርኩ፤ የመንግሥት ስሙ የነጻነታቸው ቀን ሆኗል። ነጫጭ ቅስት ያላቸው የፈረንሳይ ዘመን ሕንፃዎች ከበውታል፤ ቀለማቸውን ጨዋማው አየር እየላጠው ነው። ከቀትር በኋላ ከእኛ አገር የመጣው ጫት ሲገባ ያንቀላፋው ሰፈር በአንዴ ነቃ።

ማታ የየመን ዓሣ በላሁ። ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ እቶን ግድግዳ ላይ እስኪጠቁር የተጠበሰ ነው፤ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። በእጅ ነው የሚበላው። ለዚህ ብቻ እንኳ መምጣት ያዋጣል።

ጥር 17

የጭነት መኪናዎች ወደሚቆሙበት ፒኬ 12 ሄድኩ። ተሳቢዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ታርጋው የእኛ፣ ሻዩ የእኛ፣ ስድቡም የእኛው አማርኛ። አንድ ሾፌር መኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ጋደም ብሏል። የሚጭነው ማዳበሪያ ነው። መርከቡ ማዳበሪያውን የሚያመጣው እንዲሁ ልቅ አድርጎ ነው፤ ወደቡ ላይ ተዝቆ በሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ከረጢት ይሞላና ይሰፋል፣ ከዚያ የቀን ሠራተኛው መኪና ላይ ይደረድረዋል። ለዘር የሚደርሰው ይህ ሁሉ እጅ ከነካው በኋላ ነው። እኛ ግን ማዳበሪያ ዘገየ ሲባል የምናውቀው «ወደብ ላይ ነው» የሚለውን ዜና ብቻ ነው።

«ባሕር ገብተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ባሕሩን የማውቀው በመኪናው መስኮት ነው» አለኝ። ወረቀቱ ሳያልቅ መኪናውን ጥሎ አይሄድም፤ ወረቀቱ ካለቀ ደግሞ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላፊ መንዳት ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምድረ በዳው የሚነሳው አቧራማ ነፋስም አያስወጣም። ወደ አሳል ከመውረዳችሁ በፊት ለከተማዋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ስጧት፤ ፒኬ 12ንም ሳታዩ አትመለሱ።