ጦር የለቀቀው ሜዳ

መሬት ባለቤቱን ብዙ ጊዜ ይለውጣል፤ በሆዱ የያዘውን ነገር ግን ባለቤቱ ስለ ተለወጠ አይጥለውም። እኛ በጎጃም በአምበር ከተማ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ብዙ ዓመት ያሳለፍን ነንና፣ የመሬት ክርክር ሲቀርብ ድንበሩ በዛፍ፣ በወንዝና በድንጋይ ሲለይ፣ ወራሹም በየስሙ ሲቈጠር አይተናል። ከመሬቱ በታች ምን አለ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላየንም። እህልና ከብት ብቻ ላወቀ መሬት ይህ ጥያቄ አያስፈልግ ይኾናል። ጦር ሰፍሮበት ለለቀቀ ሜዳ፣ ይልቁንም የጦር አይሮፕላን ይነሣበት ለነበረ ሜዳ፣ ከድንበሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው።

የጦር ነገር ለሰላም ሥራ መዋሉ መልካም እንደ ኾነ አገራችን አስቀድማ አይታዋለች። ኢጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ጎንደር አጠገብ በአዘዞ የጦር አይሮፕላን ሜዳ ነበራቸው። ጎንደር በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከጠላት እጅ ወጣች፤ ዛሬ በዚያው በአዘዞ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ስም በሚጠራው ማረፊያ፣ ነጋዴውና አገር ጎብኚው ይወርዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር መዠመሪያ የገዛቸው 5 አይሮፕላኖች ሲ 47 የሚባሉ፣ ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ነበሩ። ለወታደር ተብለው በግራና በቀኝ በተሠሩት አግዳሚዎች ላይ መንገደኛ ተቀመጠባቸው፤ በመካከላቸውም ጭነት ተጫነ። በየገጠሩ ትምህርት ቤትም የመድፍ ቀለህ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ልጆችን ለትምህርት የሚጠራ ደወል ኾኗል። ጦር ማረሻ ኾነ የሚባለው ይህን የመሰለው ነው።

ነገር ግን የጦር ዕቃ ኹሉ ስለ ተለወጠ ብቻ ንጹሕ አይኾንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእጃችን ከጻፍናቸው ክርክሮች አንዱ ስለ በርሜል ነበር። ጠላ ጠምቀው የሚያድሩ አንዲት እናት ለውኃ ብለው አንድ በርሜል ገዙ። ሻጩ አጥቤዋለሁ ብሏቸው ነበር፤ በርሜሉ ግን ቀድሞ ነዳጅ የተሞላበት ነበርና ሽታው አልለቅ አለ፤ ውኃውም ጠላውም ተበላሸ። ሻጩ በችሎት ቀርቦ፣ በርሜሉ አልተቀደደም፣ አልዛገም፣ ደኅና ዕቃ ሸጬላቸዋለሁ ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን የዕቃ ደኅንነት በውጭ መልኩ ብቻ አይታወቅም ብለው ዋጋውን እንዲመልስ ፈረዱ። እኛም ፍርዱን ስንገለብጥ፣ ስለ መሬትም እንዲሁ ቢፈረድ መልካም ነበር አልን።

የአይሮፕላን ሰፈር ከዚህ በርሜል እጅግ ይብሳልና። ከጋኑና ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ነዳጅ ቀስ በቀስ ወደ ከርሠ ምድር ውኃ ይወርዳል። የሞተር ቅባት የሚታጠብበት መድኃኒት እንዲሁ ይሰርጋል። ሳይፈነዳ የቀረ ጥይትና ቦምብም አፈር ለብሶ ይቀመጣል። ሣሩ ግን በላዩ ይለመልማል።

በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ግዛት ፒዝ የሚባል የጦር አይሮፕላን ሰፈር በፈረንጆች ቍጥር በ1991 ተዘጋ። ነዳጁና የማጠቢያው መርዝ በመሬቱ መግባቱ ታውቆ ማጥራቱ ተጀመረ፤ ሜዳውም ለሕዝብ አይሮፕላን፣ ለመሥሪያ ቤትና ለፋብሪካ ዋለ። ብዙ ሺሕ ሰው ሥራ አገኘበት፤ ሕፃናት የሚውሉበት ቤትም ተከፈተ። በ2014 ግን ከውኃ ጕድጓዶቹ አንዱ ቢመረመር፣ ወታደሮች የነዳጅ እሳት ለማጥፋት ይረጩት የነበረው አረፋ ቅመሙ ወደ ውኃው ወርዶ ተገኘ፤ ጕድጓዱም ተዘጋ። ይህ ቅመም እንደ ነዳጅ ሽታው አያስታውቅም፤ በመሬትም ውስጥ ሳይጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ይኖራል። ያን ጊዜ እናቶችና አባቶች የልጆቻችን ደም ይመርመርልን ብለው አጥብቀው ጠየቁ፤ ቢመረመርም ቅመሙ በደማቸው ተገኘ። ከዚያ በኋላ ውኃው በከሰል እየተጣራ እንዲጠጣ ተደረገ። እንግዲህ ሀብታም መንግሥት አጠራሁት ባለው ሜዳ ይህ ከኾነ፣ ማጥራት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ምናልባት አንባቢዎቻችን፣ ድኃ አገር ለዚህ ኹሉ ወጪ ገንዘብ ከየት ታመጣለች ይሉን ይኾናል። እውነት ነው፤ አፈር ቈፍሮ ማውጣትና ውኃ ስቦ ማጣራት ገንዘብም ዘመንም ይጠይቃል። ዋናው ነገር ግን ከወረቀትና ከቀለም የበለጠ ወጪ የለውም። ይኸውም ጦሩ ሰፈሩን ሲለቅ ነዳጁ የት ይቀመጥ እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ፈሰሰ፣ ምን እንደ ተቀበረ በዚያ የሠሩት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው እንዲጻፍ ነው። የተጻፈውም ከመሬቱ መዝገብ ጋራ ይቀመጥ፤ ቦታውን የሚመራውም ሰው ቤት ከመሥራቱና ጕድጓድ ከመቈፈሩ በፊት ያንብበው። ውኃውም በየጊዜው ይመርመር።

በቤት ያለው ጥንቃቄ ደግሞ የወላጆች ነው። የነዳጅና የመድኃኒት በርሜል ለውኃ፣ ለጠላና ለእህል አይኹን። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በክልላችን የወደቀው ጥይት ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ሕፃናትን ጐድቷልና፣ ከብት ጠባቂ ልጆች ያላወቁትን ብረት እንዳያነሡ፣ ድንጋይም እንዳይወረውሩበት፣ ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ እናስተምራቸው።

ልጅ የአባቱን ሀብት ሲወርስ ዕዳውንም ጭምር ማወቅ ይገባዋል። የገንዘብ ዕዳ ቢደበቅ ባለዕዳው መጥቶ ይጠይቃል፤ የመሬት ዕዳ ግን ካልተጻፈ በስተቀር የሚጠይቀው ውኃ የሚቀዳውን ሕፃን ነው።